ያልታጠበ ማልያ

ባለፈው ግንቦት ለለቅሶ ቢቸና ሄጄ ነበር። ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከጀርባዬ ሦስት ጎልማሶች ስለ ኳስ ያወራሉ። የሚደግፉት ክለብ በመጨረሻዋ ጨዋታ፣ ያውም ለጥቂት፣ ከመውረድ ተርፎ በትልቁ ሊግ ቆይቷል። ደስ ብሏቸው እንደሆነ ልይ ብዬ ዞር አልኩ። የሦስቱም ፊት በሽተኛ ሲያስታምም የሰነበተ ሰው ፊት ነው።

«ተረፍን እንግዲህ» አለ አንዱ።

«ለከርሞ ደግሞ እንደ አዲስ ልንቃጠል» አለ ሁለተኛው።

ሦስተኛው ስኳሩ ከሟሟ ቆይቶ ሳለ ሻዩን ያማስላል። ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ አልኩ በልቤ። አላውቀውም፤ ድካሙን ግን አውቀዋለሁ። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚቀመጠው።

በዚህ ላይ ከሻይ ቤቱ ጎን ያለው ልብስ ሰፊ እርጥብ ጨርቅ ላይ ትኩስ ካውያ አሳረፈና ያ ሽታ መጣ። አዲስ አቡጀዲ ውሃ ተረጭቶበት ካውያ ሲነካው የሚወጣው ሽታ ዳቦም አይደል፣ ጭስም አይደል፣ በሁለቱ መካከል ነው። አውቶቡሱ መጣ፤ ሰው ተጋፍቶ ተሳፈረ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

ነገሩ ጃንሆይ በዙፋናቸው ላይ በቆዩባቸው የመጨረሻ ዓመታት ነው። አባቴ ኑሩ በቢቸና ገበያ ዳር የእግር መኪና አቁሞ ልብስ ይሰፋ ነበር። የሞታ ልጅ ነው፤ አባቱም አያቱም ሞታ ነግደው ሞታ የተቀበሩ። እናቴን አግብቶ ነው ቢቸና የቀረው። እኔ ተወልጄ፣ የወተት ጥርሴን ነቅዬ፣ ትምህርት ቤት ገብቼም እንኳ ገበያተኛው ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ «ያ የሞታው ሰፊ የታለ?» እያለ ነበር የሚጠይቅ። አባባ አይቆጣም። ግን ቀና ብሎም አያይም፤ ክር በመርፌ እንደሚያስገባ ሆኖ ይዘገያል።

ከዚያ ስም ነጻ የምታወጣው አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ እሷም ኳስ ናት። የከተማው ቡድን ነጭ ማልያ የአባባ ስፌት ነው። ሲቀደድ የሚጥፈው፣ ቁልፍ ሲረግፍ የሚተክለው እሱ ነው። ከሜዳው ዳር ሲቆም የየት አገር ሰው ነህ የሚለው የለም፤ ጎል ሲገባ አብሮ ይዘላል፣ ሲገባብን አብሮ ራሱን ይይዛል። ቡድኑ የጠቅላይ ግዛቱ አንደኛ ዲቪዚዮን በሚባለው ውስጥ ነበር። ነበር ለማለትም አፍ ይይዛል። በየዓመቱ ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ይጨርሳል፤ የመጨረሻው ይወርዳል፣ የእኛ ይተርፋል። ከወረድን የትልልቅ ከተማ ቡድን ቢቸና ድረስ አይመጣም፤ እኛም ደብረ ማርቆስ ድረስ በመኪና ተጭነን መሄድ ይቀራል።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደጋፊዎቹ ከሱቃችን በረንዳ ይሰበሰባሉ። አለቃቸው መሪጌታ ፈንቴ ናቸው፤ የቅኔ መምህር። ተማሪዎቻቸውን ቅኔ እንዲቆጥሩ ትተው ይመጡና የተገለበጠ ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ። ሌላው ከሐረር ተመድቦ የመጣው ድሬሰሩ ተፈራ ነው። ጠዋት ጤና ጣቢያ መርፌ ይወጋናል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ አጥቂያችን ነው። ከሁለቱ ሥራ በየትኛው የበለጠ ሰው እንደሚያስለቅስ መሪጌታ ለመወሰን ተቸግረው ነበር።

«ዘንድሮስ የምንተርፍ አይመስለኝም» ይላል ድሬሰሩ።

«አምናም እንዲህ ብለህ ነበር» ይላል አባባ ከመኪናው ላይ ቀና ሳይል።

«አምና በምን ተረፍን? በመከራ!»

«ተርፈንስ ምን አገኘን?» ይላሉ መሪጌታ። «ሌላው ዋንጫ ይበላል፣ እኛ በየዓመቱ አለመሞታችንን እናከብራለን። እኔስ ደከመኝ።»

ደከመኝ ይበሉ እንጂ በማግስቱ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

እኔ መትረፍ የማውቀው ከበሽታ ነው። ከዓባይ በረሃ ወባ ይዞት የመጣ ሰው ጤና ጣቢያ ይገባና ወይ ይሞታል ወይ ይተርፋል። ስለዚህ ቡድኑ ታሟል፤ ድሬሰሩም አብሯቸው የሚሮጠው ለዚሁ ነው ብዬ አምን ነበር። ተጫዋቾቹ በሱቃችን ሲያልፉ የትኛው እንደከሳ አያለሁ። በረኛው ከሲታ ስለነበር ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው ብዬ ከቤት ቆሎ እየዘገንኩ እሰጠው ጀመር። አመስግኖ ይቆረጥመዋል። ለምን እንደምሰጠው አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

የዚያን ዓመት ነገሩ ከፋ። ከታች የቀሩት ቢቸናና ሞታ ሆኑ፤ ከሁለቱ አንዱ ሊወርድ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ ደግሞ እርስ በእርሳቸው፣ ያውም ሞታ ላይ። እኩል ከወጣን እንወርዳለን፤ ካሸነፍን ሞታ ይወርዳል። አባባ ምግብ እየቀነሰ ሄደ። እናቴ «ለማን ነው የምታዝነው?» ስትለው «እኔ እንጃ» አለ። ቢቸና ቢወርድ የአገር ሰው የሚያደርገው ነገር ይቀርበታል፤ ሞታ ቢወርድ ደግሞ የሞታ ደጋፊዎች አለቃ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ያ ታላቅ ወንድሙ፣ አጎቴ ይማም፣ በአንድ የገበያ ቀን የእህል መኪና ላይ ተሳፍሮ መጣ። ወፍራም፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ፣ የሚስቅ ሰው ነው። በረንዳው ላይ ቆሞ፣ መሪጌታም ድሬሰሩም እየሰሙ፣ «ኑሩ» አለ፤ «ልጆቻችን እንደ ሽፍታ የየራሳቸውን ሸሚዝ ለብሰው ነው የሚጫወቱ። ሰው ሳቀብን። ቀይ ማልያ ስፋልኝ።»

ድሬሰሩ «ለጠላት ደግሞ ጦር ይሞረድለታል?» ብሎ አጉረመረመ።

«ዝም በል አንተ!» አሉት መሪጌታ። «ታላቅ ወንድሙ ነው። እንቢ የሚል ሰው የሰፋውን ሱሪ እኔም አልለብስ።»

«እሺ ወንድምጋሼ» አለ አባባ። «ለእርስዎ እንዴት ያለውን እንደምሰፋ ያያሉ።»

አየንም። የቢቸናን ማልያ አንድ ጊዜ ነው የሚሰፋው፤ የሞታን ድርብ ሰፋው። ኮሌታ አወጣለት። ቀይ ጨርቅ እንደልብ ስላልተገኘ አቡጀዲውን እኛው ቀለም ልንነክረው ሆነና፣ በግቢያችን ግማሽ በርሜል ተጣደ። አባባ ከደብረ ማርቆስ ነጋዴ ውዱን ቀለም አስመጣ። እናቴ እሳቱን ትቆሰቁሳለች፣ እኔ በረጅም እንጨት አማስላለሁ። እንፋሎቱ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያዩናል። እጄ እስከ ክንዴ ቀልቶ ትምህርት ቤት ስሄድ አስተማሪዬ «ዘሃራ፣ በግ ስታርጂ ዋልሽ?» አለችኝ። ኮራሁ።

ጨርቁ ከበርሜሉ ሲወጣ እናቴ እጅጌዋን ሰበሰበች።

«በል አሁን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመን እናለቅልቀው።»

«አይሆንም» አለ አባባ።

«ቀለሙ ይለቃላ! አንተ አይደለህ እንዴ፣ የሰው ቀሚስ ሲሆን ውሃው እስኪጠራ እጠቡ የምትለን?»

«የሰው ቀሚስ ሌላ ነው። ለታላቅ ወንድሜ ያጠብኩትን ልብስ ልስጠው? ካንድ ውሃ በኋላ ማን አዲስ ነው ይለዋል? አሮጌ ሰጠኝ አይልም?»

«እሱ ምኑን ያውቃል?»

«እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ። በቤታችን ለታላቅ የሚሰጥ ልብስ አይታጠብም። አባቴም እንዲሁ ነበር።»

እናቴ ወደ ሰማይ አየች። ግንቦት እየገባ ነው፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብላ እሳቱን አጠፋች።

አባባ ማልያዎቹን በጥላ አድርቆ በከሰል ካውያ ተኮሳቸው። እያንዳንዱ እንደ ሳንቃ ቀጥ ብሎ ቆመ። አጎቴ ሊወስድ ሲመጣ አንዱን አንስቶ ፊቱን ቀበረበት። «አልሐምዱሊላህ! ይሄ ማልያ ነው ወይስ የሙሽራ ልብስ?» አለና የአባባን ግንባር ሳመው። አባባ ትልቅ ሰው ነው፤ ያኔ ግን እንደ እኔ እኩያ ሆኖ አፈረ።

የጨዋታው ዋዜማ ደጋፊው ሁሉ በአንድ የጭነት መኪና ተጭኖ ሞታ ገባን። እናቴና እኔ ከሾፌሩ ጎን፣ ሌላው ከላይ። መሪጌታና ሌሎቹ በየዘመዱ ቤት አረፉ፤ የሞታ ሰው እንግዳ አያሳድርም ተብሎ አይታማም። እኛ አጎቴ ቤት ገባን። ወንድማማቾቹ ከአንድ ትሪ እየበሉ ሲጎነታተሉ አመሹ።

«ነገ ስታለቅስ መሐረብ አለኝ» ይላል አጎቴ።

«ለራስዎ ያቆዩት» ይላል አባባ።

ሁለቱም ይስቃሉ። ዛሬ ሳስበው፣ ሁለቱ ሰዎች በዚያ ትሪ ዙሪያ እንደተቀመጡ ጊዜ ቢቆም ኖሮ እላለሁ።

በማግስቱ ሜዳው ዳር ጎን ለጎን ቆሙ፤ እኔን መሐላቸው አደረጉኝ። የሞታ ልጆች በቀዩ ማልያ ሲወጡ ሴቶች እልል አሉ። አጎቴ ደረቱን ነፍቶ ለግራውም ለቀኙም «ወንድሜ ነው የሰፋው! ይሄ ነው፣ ኑሩ!» ይላል። ሰው ሁሉ ዞሮ አባባን ያያል፤ አንዳንዱ እጁን ይጨብጠዋል። ከቢቸና ደጋፊዎች መሐል ድሬሰሩን የሚጠሩ ድምፆች ነበሩ፣ ግን ደከም ያሉ። ኳሱ እዚያም እዚህም ይላጋል እንጂ ጎል አይታይም። ባዶ ለባዶ ነው፤ በዚህ ከቀጠለ እኛ ወረድን ማለት ነው።

ከዕረፍት በኋላ ከጮቄ በኩል ጥቁር ደመና መጣና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። አጎቴ ጥቁር ጃንጥላውን ዘረጋ፤ ሦስታችንም ሥሩ ገባን። አባባ ከወንድሙ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተለጠፈ። ያኔ ከሞታ ተጫዋች እግር ላይ ቀይ ነገር ሲወርድ አየሁ። ከሌላው ጉልበት ላይም፣ ከሌላውም።

«አባባ ደሙ! ሁሉም ደሙ!» ብዬ ጮህኩ።

አጎቴ ሳቀብኝ። ቀጥሎ መሳቁን ተወ። የአባባ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር፤ እያጠበቀ ሄደ፣ አመመኝ። ቀለሙ ከትከሻ ወደ ወገብ፣ ከወገብ ወደ ካልሲ ወርዶ አለቀ። የሞታ ማልያ ገረጣ፤ የእኛም ነጭ በጭቃ ደፈረሰ። ከዳር ሲያዩዋቸው የአንድ እናት ልጆች መሰሉ።

ድሬሰሩ ደክሞት ነበር። ወገኖቹ ወደ ኋላ ሲመለሱ እሱ ሮጦ መመለስ አቅቶት በሞታ ጎል በኩል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀረ። የሞታ ተከላካይ ኳስ ያዘ፣ በዝናቡ ውስጥ ቀና አለ፣ ብቻውን የቆመ አንድ ሰው አየና የራሱ መስሎት ሰጠው። ኳሷ ድሬሰሩ እግር ሥር ቆመች። እሱም ግራ ገብቶት፣ የሰው ዕቃ እንደደረሰው ሁሉ፣ ልመልስ ወይስ አልመልስ ብሎ ዙሪያውን አየ። ከዚያ መታት። ገባች።

የሞታ ልጆች ዳኛውን ከበቡት። አምበላቸው ማልያውን ከሰውነቱ ላይ ጎትቶ «ይሄን እይ እንጂ! በምን እንለያቸው?» ይላል። ዳኛው ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ እሱም ዝናብ የመታው ሰው ነው።

«ማልያውን እኔ አልሰፋሁትም!» ብሎ ፊሽካውን ነፋ።

ያኔ በእኛ ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ዞረ። ማን እንደሰፋው አጎቴ ለሁሉም ነግሯል። አጎቴ ብቻ አልዞረም። ሜዳውን እያየ ቆየና የጃንጥላውን እጀታ አባባ እጅ ውስጥ አስገብቶ ወደ ዝናቡ ወጣ።

«ወንድምጋሼ» አለ አባባ።

አጎቴ መንገዱን ቀጠለ። ጨዋታው አንድ ለባዶ አለቀ። ተረፍን።

ሞታ አላደርንም። እናቴ ጓዛችንን ልታመጣ ስትሄድ የአጎቴ ሚስት ሁሉንም አጣጥፋ በር ላይ ጠበቀቻት፤ ለመንገድ ዳቦ ጨምራለች፤ ግቡ ግን አላለችም። መኪናው ላይ ደጋፊው በርጥብ ልብሱ ይዘፍናል። አባባን አንስተው ከሰው ትከሻ ላይ አወጡት። «ኑሩ! የቢቸና ልጅ! የቢቸና አንበሳ!» ድሬሰሩ ጉንጩን እየሳመ «እኔ ስንት ዓመት ሮጬ ያቃተኝን አንተ ቁጭ ብለህ አገባኸው!» ይለዋል።

«ኧረ በአላህ! ሆን ብዬ አይደለም!» ይላል አባባ።

ይሄን ሲል ይብሱን ይስቃሉ፤ አንዱ ሌላውን ይጠቅሳል። እኔ በኩራት ልፈነዳ ነበር። አባቴ ከሰው ሁሉ ብልህ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ ብዬ «አባባ ነው ያሸነፈው?» አልኳት እናቴን። «ዝም ብለሽ ተኚ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በቢቸና የሞታው ሰፊ የሚል ጠፋ። ሥራ በዛ፤ ቆላ ድረስ ያለ ሰው ሱሪውን ይዞ መጣ፤ ሰፊውን ሊያይ እንጂ ሱሪው ምንም አልሆነም። አባባ የሚመኘውን ሁሉ አገኘ፣ ባላደረገው ነገር። መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ሰው ያስረዳ ነበር፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ማለቅለቁ፣ ስለ ታላቅ ወንድም ክብር። ሰው አዳምጦ ሲጨርስ «አይ ኑሩ፣ አንተ እኮ አፍህም እንደ እጅህ ነው!» ይለዋል። እየቆየ ማስረዳቱ አደከመው። ከሞታ የሚመጣ ነጋዴ ድሮ «ይማም ሰላም ብሎሃል» ሳይል አያልፍም ነበር። ያም ቀረ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ቀን ከመሪጌታ ጋር ሁለቱ ብቻ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ አባባ መቀሱን አስቀመጠ።

«መሪጌታ፣ እርስዎ እንኳ ይመኑኝ።»

መሪጌታ ከሣጥኑ ላይ ጠጋ አሉ። «እኔ አምንሃለሁ ኑሩ። መጀመሪያም አምኜሃለሁ» አሉ። «ግን እነዚህን ልጆች ኳሷ ተሳስታ ነው የተረፋችሁት ብላቸው ለከርሞ በምን ልብ ይሮጣሉ? በብልሃት ተረፍን ይበሉ። እኔም ደክሞኛል፣ እነሱም ደክሟቸዋል። ተወው።»

ጥር ላይ ዓረፋ ደረሰ። ዓረፋን የምናከብረው ሁልጊዜ ሞታ፣ አጎቴ ቤት ነው። እናቴ ዘንድሮ ይቅርብን አለች፤ አባባ እሺ አላለም። ሄድን። በሞታ መንገድ ሰው ሰላም አለን፣ ግን እየሄደ፣ ሳይቆም። አጎቴ አቀፈን፣ አረደልን፣ አበላን። ከስቷል። እንደ ድሮው የሚጎነታተል የለም። ከምግቡ በኋላ አባባ መቻል አቃተው።

«ወንድምጋሼ፣ ወላሂ…»

«አትማል» አለ አጎቴ። «አላጠብከውም። አሮጌ ሰጠኝ እንዳይል ብለህ ነው። የተቀበልኩህ ዕለት መዳፌ ቀልቶ ነበር፤ አይቼዋለሁ። ካክብሮት መሆኑ ገብቶኝ፣ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።»

የአባባ ፊት በራ። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ሲበራ አላየሁትም። «ታዲያ ለሰው ይንገሩልኛ!» አለ።

አጎቴ ምንጣፉን በጣቱ ይቧጥጥ ጀመር። «ለሰው? ሜዳው ሣር በቅሎበት በሬ ይግጥበታል። ወንድሜ ስላከበረኝ፣ እኔም አይቼ ዝም ስላልኩ ነው የወረዳችሁ ልበላቸው? አንተን ቢጠሉህ አንተ ቢቸና ነህ። እኔ ጁምዓ ከእነሱ ጋር ነው የምቆመው፤ የምሸጠውም የምገዛውም ከእነሱ ጋር ነው።» ከዚያ ያ ትልቅ ድምፁ ወርዶ «ቻልልኝ ኑሩ» አለ።

አባባ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። አጎቴ ድሮ እስከ መኪናው ድረስ ነበር የሚሸኘን፤ ያን ቀን እስከ ግቢው በር ሸኝቶን ተመለሰ። አብሮን እንዳይታይ መሆኑ ለእኔም ገባኝ።

የተሳፈርንበት መኪና ከሞታ ገበያ የሚመለሱ የቢቸና ሰዎች የሞሉበት ነበር። አባባን ሲያዩ ቦታ ለቀቁለት። ገና ከከተማው ሳንወጣ አንዱ፣ «ኑሩ! ጨዋታው ሊጀመር ነው፤ ዘንድሮስ ለማን ትሰፋለህ?» ብሎ ጮኸ።

ሁሉም መልሱን ይጠብቃል። ሆን ብዬ አይደለም እንዲልና እንዲስቁ። አባባ ወደ ኋላ፣ ወደ ሞታ ቆርቆሮዎች አየ። ከዚያ ፊቱን መለሰ።

«የምትፈሩትን ቡድን ንገሩኝ» አለ። «ለእነሱ እሰፋላቸዋለሁ።»

መኪናው በሳቅ ተናጋ። አባባም አብሮ ሳቀ። እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከዚያ ቀን ወዲያ ሆን ብዬ አይደለም ሲል ሰምቼው አላውቅም።